በሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ቃል በ60 ደብተር ይገለበጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የእንግሊዝኛ መምህራን የስፔሊንግ ስሕተት በተነሳ ቁጥር ሁለት ዓይነት መልስ ይሰማል። አንዱ «ቃል አስተካክሎ መጻፍ ያልቻለ ምኑን መምህር ሆነ?» ይላል። ሌላው «ዋናው መግባባት ነው፤ ስፔሊንጉን ስልኩም ያርመዋል» ብሎ ያቃልለዋል። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ጠባይ አያውቀውም። ሁለተኛው ሰሌዳ ለተማሪ ምን እንደሆነ ረስቷል። መማሪያ መጽሐፍ ለሁለትና ለሦስት በሚዳረስበት ክፍል፣ ተማሪው ቤቱ ይዞት የሚሄደው እንግሊዝኛ ከሰሌዳ የገለበጠው ብቻ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ የተሳሳተ ቃል ደወል ሳይደወል 60 ደብተር ውስጥ ይገባል፤ ለፈተና ይጠናል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ መምህር የሆነ ዕለት ደግሞ ተመልሶ ሰሌዳው ላይ ይወጣል። እኔ መምህሩ ስፔሊንግ ማወቅ አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ግን የትኞቹን ቃላት፣ ምን ያህል፣ በምን ዘዴ የሚለው ካልተነገረ ክርክሩ ከስድብ አያልፍም።

ጋዜጣው በፊደላችን ስለሚታተም የእንግሊዝኛውን ፊደላት በስማቸው እየጠራሁ እሄዳለሁ። እንዲያውም መዘዙ የሚጀምረው ከዚሁ ከስማቸው ነው። ተማሪው ሂሩት የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፍ «ሂ» ላይ ያለውን ድምፅ የሚያሰፍረው «አይ» በሚባለው ፊደል ነው። ቤተልሔም ብሎ ሲጽፍ «ቤ» ላይ ላለው ድምፅ «ኢ» የሚባለውን ይጠቀማል። እንግዲህ መምህሩ ቃል በአፉ ሲያስጽፍ «ኢ» ካለ የተማሪው እጅ «አይ»ን ይጽፋል፤ «ኤ» ካለ «ኢ»ን ይጽፋል። ጆሮው ትክክል ሰምቷል፤ እጁ ግን በለመደው መንገድ ይሄዳል። «ጂ» እና «ጄ»ም እንደዚያው ናቸው። ጂማ የሚጻፈው በ«ጄ» ስለሆነ «ጂ» ሲባል «ጄ» ደብተሩ ላይ ይቀመጣል። ፊደል በቃል የሚያስጽፍ መምህር ከፊደሉ ጋር አንድ የታወቀ ቃል ቢያያይዝ፣ «ጂ የጎት»፣ «ጄ የጆብ»፣ «ኢ የኤግ»፣ «አይ የኢንክ» ቢል፣ ሲጨርስም ቃሉን ሰሌዳው ላይ ቢጽፈው ይህ ስሕተት አብዛኛው ይጠፋል።

ከዚህ የሚከብደው የድርብ ፊደል ጉዳይ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። «አለ»ም እንዲሁ። አንባቢው ከዐውዱ ይለየዋል እንጂ ከፊደሉ አያገኘውም። በዚህ ያደገ ዓይን አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ተጻፈ አልተጻፈ ብሎ የመቁጠር ልማድ የለውም። ይባስ ብሎ የእንግሊዝኛው ድርብ ፊደል የመጥበቅ ምልክት አይደለም። ሥራው ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን መናገር ነው። «ዳይኒንግ» ላይ አንድ «ኤን»፣ «ዲነር» ላይ ሁለት «ኤን» የሚጻፈው ለዚህ ነው፦ አናባቢው «አይ» ተብሎ በስሙ ሲጠራ ነጠላ፣ ሲያጥር ድርብ። «ራይቲንግ» በአንድ «ቲ»፣ «ሪትን» በሁለት «ቲ» የሚጻፉትም በዚሁ ሕግ ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳው ራስ ላይ ርዕስ ሆኖ ከሚጻፉት ቃላት አንዱ «ራይቲንግ» ነው፤ በሁለት «ቲ» ተጽፎ መታየቱም የተለመደ ነው። ምክንያቱን አንዴ የተረዳ መምህር ግን ዳግመኛ አይሳሳተውም።

ሕጉ እስኪለመድ ድረስ በተራ መሠራት አለበት። በቃሉ ላይ «ኢንግ» ወይም ያለፈ ጊዜ ምልክት ከመጨመሩ በፊት የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ይታያሉ። ተነባቢ፣ አንድ አናባቢ፣ ተነባቢ ከሆኑ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ይታለፋል፦ ቃሉ ስንት ሲላብል (በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚባል የቃል ክፍል) ነው? አንድ ከሆነ የመጨረሻው ፊደል ይደረባል፤ «ስቶፕ»፣ «ፕላን»፣ «ራን» እንዲህ ናቸው። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ስትረሱ፣ ማለትም ድምፅ ጠንከር ብሎ የሚጫነው፣ የት እንዳረፈ ይጠየቃል። መጨረሻው ላይ ካረፈ ይደረባል፤ «ቢጊን»፣ «ኦከር»፣ «ፕሪፈር» ይደረባሉ። ፊተኛው ላይ ካረፈ አይደረብም፤ «ኦፕን»፣ «ቪዚት»፣ «ኦፈር» ባሉበት ይቀጥላሉ። «ፕሪፈርድ» ሁለት «አር» ይዞ «ፕረፈረንስ» አንድ ብቻ የያዘው ስትረሱ ወደ ፊት ስለሸሸ ነው። «ደብሊው»፣ «ኤክስ» እና «ዋይ» መጨረሻ ላይ ሲመጡ ፈጽሞ አይደረቡም። «ኤል» ላይ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ተለያይተዋል፦ «ትራቭልድ» የሚለውን እንግሊዞች በሁለት «ኤል»፣ አሜሪካኖች በአንድ ይጽፉታል። ሁለቱም ትክክል ነው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ማቀላቀሉ ነው ነውሩ። እኛን የሚያስቸግረን ስትረሱ ነው፤ በአማርኛ የቃል ትርጉም በስትረስ ስለማይለወጥ ጆሯችን አይከታተለውም። ቃሉን በጭብጨባ ማስባል፣ የሚጫነው ሲላብል ላይ ዴስክ መምታት ጨዋታ ይመስላል እንጂ ስፔሊንግ ማስተማር ነው።

ሌላው ምንጭ ስትረስ ያልያዘው አናባቢ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን አናባቢ አድበስብሶ ወደ አንድ ደብዛዛ ድምፅ ይለውጠዋል፤ ከእኛ የግዕዝ ድምፅ ጋር ይቀራረባል። «ግራመር» መጨረሻው «ኤ» እና «አር» መሆኑን፣ «ካሌንደር»ም እንዲሁ፣ «ሴፓሬት» መካከሉ «ኤ» መሆኑን ጆሮ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ሁሉም በስሕተት በ«ኢ» ይጻፋሉ። መፍትሔው የቃሉን ዘመድ መፈለግ ነው። «ግራማቲካል» ሲባል «ኤ» ጎልቶ ይሰማል፤ እንግዲያው «ግራመር»ም በ«ኤ» ነው። «ዴፊኒት» የሚያጠራጥር ከሆነ «ፋይናይት» የሚለው ዘመዱ «አይ» መሆኑን ይመሰክራል። ዘመድ ሲጠፋ ዘዴ ይፈለጋል፦ «ሴፓሬት» ውስጥ «ኤ»፣ «አር»፣ «ኤ»፣ «ቲ» ተከታትለው «አንዲት አይጥ» የሚለውን እንግሊዝኛ ይሠራሉ። አይጧን አንድ ጊዜ ያያት ተማሪ ቃሉን አይረሳውም። አስፈላጊ ማለት በሆነው «ነሰሰሪ» ላይ ደግሞ ሸሚዝ አንድ ኮሌታ፣ ሁለት እጅጌ እንዳለው አስቡ፦ አንድ «ሲ»፣ ሁለት «ኤስ»። በዘመድ መመራት የሚያሳስትባቸው ሁለት ቃላት ግን አሉ። «ሜይንቴይን» የሚለው ግሥ «ሜንተናንስ» ሲሆን መካከሉ ወደ «ኢ» ይለወጣል፤ «ፕሮናውንስ» «ፕሮነንሲዬሽን» ሲሆን ሁለተኛው «ኦ» ይወድቃል። የመጀመሪያው በየጋራዡ በር ላይ ተሳስቶ ይታያል። ሁለተኛው ግን ሥራው ያው ቃል በሆነ መምህር ሰሌዳ ላይ ነው የሚያሳፍረው።

ድምፅ አልባ ፊደላት ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። «ጎቨርመንት» ተብሎ ቢነበብም ውስጡ «ገቨርን» ስላለ «ኤን» አይቀርም፤ «ኢንቫይሮመንት» ውስጥም «ኢንቫይሮን» አለ። ደረሰኝ በሚለው «ሪሲት» ላይ «ፒ»፣ ዕዳ በሚለው ቃል ላይ «ቢ» ለምን ተቀመጡ ለሚል ተማሪ መልሱ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው እንግሊዛዊ አታሚ ካክስተን በ1476 ማተሚያውን ለንደን አጠገብ ዌስትሚኒስተር ከተከለ በኋላ አጻጻፉ እየረጋ ሄደ፤ የሰዉ አነባበብ ግን ለብዙ ዘመን መለወጡን ቀጠለ። በላዩ ላይ ደግሞ ሊቃውንቱ የላቲን ዝምድና ለማሳየት ሲሉ ማንም የማያነበውን «ቢ» አስገቡበት። የጆንሰን መዝገበ ቃላት በ1755፣ የዌብስተር በአሜሪካ በ1828 ሲወጡ የቀረው ተቆለፈ። እኛም ብንሆን ሌባው «ሰረቀ»፣ ፀሐይ «ሠረቀ» እያልን በአንድ ድምፅ ሁለት ፊደል ይዘናል። ልዩነቱ አማርኛ ላይ እነዚህን ብናቀላቅል የሚቆጣን እምብዛም አለመሆኑ ነው። ያንን መቻቻል ወደ እንግሊዝኛው ይዘነው ስንሄድ ግን የሚቀበለን የለም። ቴሌግራም ላይ «ነው» የሚለውን በ«ኤን» እና በ«ደብሊው» ብቻ የሚጽፍ እጅም ለአናባቢ ግድ የለሽ ሆኖ ነው ደብተር ላይ የሚመጣው።

«ስልኩ ያርመዋል» ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። የኮምፒውተሩ ቀይ መስመር የሚወጣው ቃሉ በመዝገቡ ከሌለ ነው። ስሕተቱ ራሱ ሌላ ቃል ከሆነ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። «ማኔጀር» ላይ ሁለተኛውን «ኤ» የዘለለ ሰው የከብት ግርግም ጽፏል፤ «ጄኔራል» ሲጨመርበት ጠቅላይ ግርግም ይሆናል፣ ኮምፒውተሩም ደስ ብሎት ያትመዋል። ደንበኛ የሚለውን ቃል «ዩ» እና «ኦ» አቀያይሮ የጻፈ ሰው የቲያትር ልብስ አዘጋጅ ብሏል። «ኮሌጅ» ላይ በ«ኢ» ፋንታ «ኤ» ካስገባ የተለጣጠፈ ሥዕል ሆኗል። የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቁ «ስቴሽነሪ» በ«ኢ» ነው፤ በ«ኤ» ከተጻፈ ከቦታው የማይነቃነቅ ማለት ነው። ፖስታ ማለትም «ኤንቨሎፕ» በ«ኢ» እንደሚጀምር ያስታወሰ አይሳሳተውም። የውበት ሳሎኑ አንድ «ኦ» ብቻ ይበቃዋል፤ ሁለት ከሆነ የድሮ አሜሪካ መጠጥ ቤት ነው። ርዕሰ መምህር የሚለው ማዕረግ መጨረሻው «ኤ» እና «ኤል» ነው፤ «ኤል» እና «ኢ» ከሆነ መርሕ ይባላል። ማረሚያ ሶፍትዌር ያየው ፊደሉን ነው፤ ሱቁ ምን እንደሚሸጥ አያውቅም።

«አይ» ከ«ኢ» ይቀድማል ስለሚለው ሕግ ደግሞ ተማሪዎች ግማሹን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። ሙሉው እንዲህ ነው፦ ድምፁ ረጅም «ኢ» ሲሆን ብቻ፣ «አይ» ይቀድማል፤ ከ«ሲ» በኋላ ከመጣ ግን «ኢ» ይቀድማል። «ቢሊቭ» እና «ፊልድ» በአንድ ወገን፣ «ሪሲቭ» እና «ሲሊንግ» በሌላው ወገን ናቸው። ድምፁ «ኢ» መሆን አለበት የሚለው ቅድመ ሁኔታ ካልተነገረ «ሳይንስ» እና «ኤንሸንት» ሕጉን ያፈርሱታል፤ ተማሪውም ሕግ የሚባል ነገር የለም ብሎ ይደመድማል። «ሲዝ» የሚለው መያዝ፣ «ፕሮቲን» እና «ካፌን» እንደ ልዩ ቃላት ይያዙ።

እንግዲህ መምህሩ የትኛውን ይወቅ? መቼም የማይሳሳታቸው ቃላት ከ30 አይበልጡም፤ እነሱም በየቀኑ የሚጽፋቸው የሙያው ቃላት ናቸው። ግራመር፣ ሴንተንስ፣ ፓራግራፍ፣ ፕሮነንሲዬሽን፣ ቮካቡላሪ፣ ኮምፕሪሄንሽን፣ ኤክሰርሳይስ፣ ዲያሎግ፣ አድጀክቲቭ፣ ራይቲንግና የመሳሰሉት። በእነዚህ የሚሳሳት መምህር ሚዛኑ የተዛባ ነጋዴ ነው፤ ምክንያት አይሰማለትም። ሁለተኛው ክምችት የዕለቱ ምዕራፍ ቃላት ነው፤ ይህ ከክፍል በፊት በመዝገበ ቃላት የሚረጋገጥ ነው። ከዚያ ውጪ ያለውን ቃል «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ነገ አመጣዋለሁ» ማለት ነውር የለውም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎችም «አኮሞዴሽን» ላይ ሁለት «ሲ» እና ሁለት «ኤም» ለመጻፍ መዝገበ ቃላት ይገልጣሉ። ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግር ተፈጥሯዊ ሁኔታ) ያለበት መምህርም ጽሑፉን አስቀድሞ እስካረጋገጠ ድረስ ጥሩ ማስተማር ይችላል፤ ከክፍል ውጡ ከሚባሉት ውስጥ ሊመደብ አይገባም።

ችግሩ የሚያጠራጥረን ቃል አይደለም። የሚያሳስተን እርግጠኛ ሆነን የተሳሳትነው ነው፤ ለእሱ መዝገበ ቃላት አንገልጥም። ስለዚህ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ መምህራኑን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምር፤ አንዱ የሌላውን ሳምንታዊ ዕቅድና የፈተና ወረቀት ከመባዛቱ በፊት ያንብብ። ሲያነብም ከመጨረሻው ቃል ወደ መጀመሪያው እየተመለሰ ቢሆን ይመረጣል፤ ከፊት ወደ ኋላ ሲነበብ ዓይን ሐሳቡን እየተከተለ የጎደለውን ፊደል ይሞላዋል። ለአንድ የፈተና ወረቀት 15 ደቂቃ ይበቃል። በምርጫ ፈተና ላይ ይህ የግድ ነው፤ ከአራቱ አማራጮች አንዱ ስፔሊንጉ ከተበላሸ ተማሪው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ወጥመድ ይመስለዋል።

የምርጫ ፈተና ካልኩ አይቀር፣ ጥፋቱን ሁሉ መምህሩ ላይ መከመር ትክክል አይደለም። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በምርጫ ነው። ተማሪ አንድ አንቀጽ ጽፎ ሳይታረምለት ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያም ተመርቆ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ያልተመዘነ ነገር አይጠናም። እዚህ ላይ ትምህርት ቤቶች ከላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ማድረግ የሚችሉት በራሳቸው ፈተና ውስጥ ቢያንስ አንድ አጭር አንቀጽ ማስገባት ነው። ከ10 ነጥብ 1 ለስፔሊንግ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ተማሪው የሚያውቃቸውን አጫጭር ቃላት ብቻ እየመረጠ ይጽፋል፤ ስሕተቱ ይቀንሳል፣ ቋንቋውም ይቀንሳል።

«60 ደብተር ማን ያርማል?» ለሚለው ስሌቱ ይኸው። ለአንድ ደብተር 3 ደቂቃ ቢሰጥ ለአንድ ክፍል 3 ሰዓት፣ አራት ክፍል ለሚያስተምር 12 ሰዓት ነው። አይቻልም። በየሳምንቱ ከየክፍሉ 15 ደብተር ቢታይ ግን በ4 ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ሲታረምም ገጹን በቀይ ማጥለቅለቅ አያስፈልግም፤ በአንድ አንቀጽ ከ5 የማይበልጡ ቃላት ይሰመርባቸው፤ ትክክለኛውን መምህሩ አይጻፈው፣ ተማሪው ይፈልገው። በሳምንት ሁለት ቀን 10 ቃል የቃል ጽሕፈት ይሰጥ፦ 7ቱ ከምዕራፉ፣ 3ቱ ባለፈው ከተሳሳቱት። ጎን ለጎን የተቀመጡት ደብተር ተለዋውጠው ይተራረሙ፤ 12 ደቂቃ አይፈጅም። እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የራሱን ስሕተቶች ይመዝግብ። ለማጥናት ደግሞ ቃሉን 20 ጊዜ መገልበጥ ዋጋ የለውም፤ ከሦስተኛው በኋላ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው፣ የመጀመሪያውን የተሳሳተ 20 ጊዜ ተሳስቶ ይጨርሳል። ቃሉን አይቶ፣ በእጁ ሸፍኖ፣ በቃሉ ጽፎ፣ ገልጦ ማመሳከር፤ ይህን 3 ጊዜ፣ በማግስቱ አንድ ጊዜ።

መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሳሳትስ? እኛ ዘንድ ተማሪ መምህሩን ማረም ድፍረት ይመስለዋል፤ ያየውን አይቶ ዝም ይላል። የኋላ ወንበር ላይ ያለ አንዱ ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ አንድ ኤን ጎደለ» ካለ መልሱ «አመሰግናለሁ» ነው እንጂ «አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» አይደለም። የጎደለችውን ፊደል በመካከል መወሸቅ አይበቃም፤ ከኋላ የተቀመጡት ለውጡን አያዩትም። ቃሉ በሙሉ ጠፍቶ እንደገና በትልቁ ይጻፍ፤ «ደብተራችሁ ላይ አስተካክሉ» ይባል፤ መምህሩም ወርዶ ሁለት ሦስት ረድፍ ዞር ብሎ ይመልከት። አሮጌው አስቀድሞ ተገልብጧልና።

በመጨረሻ ለራሳችሁ ለአዘጋጆቹ። በየሳምንቱ የምታትሟቸው በእንግሊዝኛ የተጻፉ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ሰሌዳ ናቸው፤ ሥራ ፈላጊው ከእነሱ እየገለበጠ ነው ማመልከቻና ሲቪ የሚጽፈው። ማስታወቂያው የደንበኛ ነው፣ የመቀየር መብት የለንም ትሉ ይሆናል። ግን ገንዘብ ተቀባይዋ ጽሑፉን ስትረከብ አምስት ቃላት ላይ ብቻ ዓይኗን ብታሳርፍና ለአምጪው ብትጠቁመው ማንም የሚቀየም አይመስለኝም፦ ማኔጀር ላይ ሁለት «ኤ»፣ ከስተመር ላይ «ዩ» ይቅደም፣ ሜንተናንስ መካከሉ «ኢ»፣ ኮሌጅ በ«ኢ»፣ ሰርተፊኬት ላይ «ኤፍ» ነጠላ።

የእንግሊዝኛ መምህራን አሠልጣኝ
ከባሕር ዳር